አይረን በቡና፣ ፖስትፒል በየሳምንቱ፦ ሴቶች ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት ከሠራሁ 14 ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ነፍሰ ጡሮች አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ። «አይረኑን እየወሰድሽ ነው?» «አዎ።» «በምን?» «በቡና።» ሦስተኛዋ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር አይረኑን አንጀት ላይ ይዞ ያስቀረዋል። አብዛኛው ወደ ደም አያልፍም። ወር ሙሉ ሳታጓድይ ውጠሽ ደምሽ ያው ሆኖ ሲገኝ «ኪኒኑ አይሠራም» ትያለሽ። ኪኒኑማ ይሠራል! አንቺ ነሽ በስኒ የምታባርሪው። ቡና ተዪ አልወጣኝም፤ እኔም ጀበና አጠገብ ነው ያደግኩት። አራርቂው ነው የምልሽ። አቦል፣ ቶና፣ በረካሽን ጨርሰሽ ሁለት ሰዓት ያህል ቆዪ። ከዚያ በውሃ ዋጪው፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ካለ እሰየው። በወተት አይሆንም። ካቅለሸለሸሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ውሰጂው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ የአይረኑ ነው።

እኔስ? የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ፣ ጋውን ለብሼ ሌላውን እየመከርኩ፣ ቁርስ ላይ በሻይ ነበር የምውጠው። በሰባተኛ ወሬ ሄሞግሎቢኔ 9.8 ሆነ። ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ደም ማነስ ነው። ውጤቱን ያነበበችው ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝና «ሻይ?» አለች። አልመለስኩላትም።

ፎሊክ አሲድን ሆድ ሲገፋ መጀመር ሌላው ነው። ፎሊክ አሲድ የሚረዳው የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ ነው፤ የሚዘጋው ደግሞ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን እንኳ አናውቅም። ልጅ ካሰብሽ ቀደም ብለሽ ጀምሪ።

የሚበዛ ወር አበባን ዝም ማለትም አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ወጣቶች በፈረቃ መሃል እየዞረባቸው ይመጡብኛል። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» ይላሉ። የዓይናቸውን ሽፋን ገልበጥ ሳደርገው ነጭ ነው። ሞዴስ በየሰዓቱ ከሞላ፣ ከሳንቲም የሚተልቅ የረጋ ደም ካለ፣ ወይም ከሰባት ቀን ካለፈ ብዙ ነው። «የእናቴም እንደዚህ ነበር» መልስ አይደለም። እናትሽም ደም አንሷት ይሆናል።

ፖስትፒል የወር ቀለብ አይደለም። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ነው፤ ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል። በየሳምንቱ ካስፈለገሽ ነይና ሌላ እንምረጥ።

የብልትን ውስጥ በሳሙና ወይም በሎሚ መታጠብ፦ ተዪው። ራሱን ያጸዳል።

«ጡት እያጠባሁ ነው፣ አላረግዝም» የሚሉኝ ደግሞ ክርስትናው ሳይረሳ ሁለተኛውን ይዘው ይመጣሉ። ጡት የሚከላከለው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው፦ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባ፣ ወር አበባም ሳይመለስ። አንዷ ከጎደለች በቃ። የመጀመሪያው ወር አበባ ከመምጣቱ በፊትም ማርገዝ አለ።

«ምንም አያመኝም» ብሎ የማህፀን በር ምርመራን መተው። አያምማ! ካንሰር ከመሆኑ በፊት ለዓመታት ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ያኔ ነው መያዝ ያለበት። ከ30 እስከ 49 ዕድሜ ላይ ያለሽ ከሆነ ነይ። ሰላጣ ላይ የምናደርገው ዓይነት አቼቶ፣ የቀጠነ፣ በሩ ላይ ይቀባል። ጥቂት ይጠበቃል፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ይነጣል። ይኸው ነው። ከምርመራው ይልቅ ወረፋው ይረዝማል። ልጅሽንም «ያመክናታል» በሚል ወሬ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱን አትከልክያት፤ አያመክንም።

የመጨረሻው ከማረጥ በኋላ የሚመጣ ደም ነው። ወር አበባ ዓመት ሙሉ ከቀረ በኋላ አንዲት ጠብታም ብትሆን መታየት አለባት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክትም ግን እሱው ነው።

ከታቦር ተራራ ሥር የሚመጡ አንዲት የ61 ዓመት እናት ነበሩ። ጉልበታቸውን ሊታዩ መጥተው ሲወጡ፣ በሩን እንደያዙ፣ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ወር አበባዬ እኮ ተመለሰ። እንደ ሣራ ሆንኩ» አሉኝ። ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ሱቅ ሲሄዱ ሞዴሱን «ለልጅ ልጄ ነው» እያሉ ይገዙ ነበር።

አስቀመጥኳቸውና ሪፈር መጻፍ ጀመርኩ። «እማማ፣ እስከ ዛሬ ምነው ሳይነግሩን?»

«ማን ጠይቆኝ?»

ካርዳቸውን ገለጥኩት። በስምንቱ ወር አራት ጊዜ መጥተዋል፣ አራቱንም ለጉልበታቸው። ሦስቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።