የጓጎለው ናኖቱብ እንዴት ተፈታልኝ

ጎንደር ላይ ለሱፐርካፓሲተር የፖሊአኒሊንና የካርቦን ናኖቱብ ኤሌክትሮድ ስሠራ ሦስት ሳምንት ተቸገርኩ። ሱፐርካፓሲተር ኤሌክትሪክ ቶሎ የሚሞላና ቶሎ የሚለቅ ማከማቻ ነው፤ ፖሊአኒሊን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ፣ ናኖቱብ ደግሞ እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ ነው። ቻርጅ በተደረገ ቁጥር አቅሙ ይወርዳል። ፖሊአኒሊን ሲሞላና ሲራገፍ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ደግፎ የሚይዘው ካጣ ይሰነጠቃል። ደጋፊው ናኖቱቡ ነበር። እሱ ግን ውሃ ስለማይወድ በደንብ እንዳልተማሰለ ገንፎ ጓጉሏል።

ቱቡ ውሃ እንዲወድ በናይትሪክ አሲድ አፈላሁት። ጭሱ አደገኛ ነው፤ ጭስ ማስወገጃ ከሌላችሁ በፍጹም እንዳትሞክሩት! አሲዱ እስኪለቅ አጠብኩት። አሁን ውሃ ውስጥ በደንብ ይበተናል። ከዚያ ፖሊአኒሊን የሚሠራበትን አኒሊን አስቀድሜ ጨመርኩና ቱቡ ላይ እንዲለጠፍ ጊዜ ሰጠሁት። አኒሊኑን ወደ ፖሊአኒሊን የሚቀይረውን አሞኒየም ፐርሰልፌት ጠብ ጠብ ያደረግኩት ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ በረዶውን ፒያሳ ካለ ጭማቂ ቤት አመጣሁ። ጥቁር አረንጓዴው ዱቄት ሲወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኤሌክትሮዱ እስካሁን አልተሰነጠቀም።