የሚያብጥ ጥቁር አፈርን በፍላይ አሽና በኮስቲክ ሶዳ ማጠንከር፦ ችግርና መፍትሄ

ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ከድንጋይ ከሰል የሚገኘውን ፍላይ አሽ የተባለ ደቃቅ አመድ አሟሙቶ የአፈሩን ቅንጣቶች የሚያያይዝ ጄል ይፈጥራል። ከታች ካሉት ችግሮች አንዳንዶቹ የሚነሱት ጄሉ ውስጥ ሳይታሰር በቀረ ሶዲየም ነው።

አፈሩ ከታከመ በኋላም ያብጣል፣ አንዳንዴም ካልታከመው ይብሳል

ጥቁሩን አፈር የሚያሳብጠው ሞንትሞሪሎናይት የተባለው ማዕድን ነው። ነፃ የቀረ ሶዲየም በማዕድኑ ስስ ንጣፎች ዙሪያ ያለውን የውሃ ሽፋን ያወፍራል፣ ንጣፎቹንም ያራርቃል። ስለዚህ ሶዳ መጨመር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ሶዲየሙን የሚያስር በቂ አመድ ከሌለ ጉዳቱ ይበዛል።

መጀመሪያ የአመዱን መጠን ይፈትሹ። ከደረቅ አፈሩ ክብደት 10% ከነበረ 15% እና 20% አድርገው ናሙና ይሥሩ። በውሃ የተሟሟውን ሶዳ ከ12 ሞላር ወደ 8 ሞላር ዝቅ አድርገውም ያወዳድሩ (1 ሞላር በ1 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 40 ግራም ሶዳ ነው)። ከዚያ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ጥቂት ናሙና ፈጭተው በተጣራ ውሃ ይበጥብጡና የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ይለኩ። በ28ኛው ቀን ካልቀነሰ ሶዲየሙ ገና አልታሰረም።

እብጠቱን ለመለካት በነፃ እብጠት ሙከራ ብቻ አይተማመኑ። ሙከራው አፈሩን ፈጭቶ በ425 ማይክሮን ወንፊት ማሳለፍን ስለሚጠይቅ የተፈጠረውን ትስስር ይሰብራል። ሳይፈጭ እንደተጠቀጠቀ ያለ ናሙና በኦዶሜትር (በቀለበት የታቀፈ አፈር ወደ ላይ ምን ያህል እንደሚያብጥ በሚለካ መሣሪያ) ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መለካት ይሻላል።

ላቦራቶሪ ውስጥ ጠንካራ፣ መስክ ላይ ደካማ

ካልሲየሙ አነስተኛ የሆነ ፍላይ አሽ (ክላስ ኤፍ) በተራ የአየር ሙቀት በጣም በዝግታ ነው የሚጠነክረው። በ60 ዲግሪ ምድጃ የቆየ ናሙና በቀናት የሚያሳየውን ጥንካሬ መስክ ላይ ያለው አፈር በሳምንታትም ላያገኘው ይችላል። ናሙናዎቹን መስኩ ባለው ሙቀት ያቆዩ። ጥንካሬው ካልበቃ ከአመዱ 10–20% ያህሉን በተፈጨ የብረት ማቅለጫ ስላግ (ብረት ሲቀልጥ በሚለይ ዝቃጭ) ይተኩ፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም ያለ ምድጃም ያጠነክረዋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ አፈሩ ጂፕሰም ወይም ሌላ ሰልፌት ካለው ካልሲየም መጨመር ኤትሪንጋይት የተባለ ውሃ የሚስብ ክሪስታል ይፈጥራል፣ ከወራት በኋላም መሬቱን ወደ ላይ ይገፋል። የሚሟሟው ሰልፌት ከ0.3% ከበለጠ ስላጉን ይተዉት።

የተጠቀጠቀው አፈር ክብደቱ አይሞላም

ብዙውን ጊዜ ስህተቱ ሒሳቡ ላይ ነው። 10 ሞላር ማለት በ1 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 400 ግራም ሶዳ ማለት ነው፤ ሊትሩ 1.33 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ከ100 ኪሎ ፈሳሽ ውሃው 70 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ፈሳሹን ሁሉ እንደ ውሃ የቆጠረ ሰው አፈሩን ከሚገባው በላይ ደረቅ አድርጎ ይጠቀጥቃል። ተስማሚውን እርጥበት በንጹሕ ውሃ ሳይሆን በራሱ በፈሳሹ ይወስኑ።

ሒሳቡ ትክክል ከሆነ ምክንያቱ መዘግየት ይሆናል። ካልሲየም የበዛበት አመድ (ክላስ ሲ) ፈጥኖ ይጨብጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ መጠቅጠቅ የተፈጠረውን ትስስር ይሰብራል። ፈሳሹ በተጨመረ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱ።

አንዱ ቦታ ድንጋይ፣ አንዱ ቦታ ጭቃ

ጓሉ አልደቀቀም። ፈሳሹ ጓሉን ከውጭ ብቻ ይለብሰዋል፣ ውስጡ ያልታከመ አፈር ሆኖ ይቀራል። አፈሩን አድርቀው ያድቅቁ፤ ጓሉ ሁሉ ከ25 ሚሊሜትር በታች፣ ከግማሽ በላዩም ከ5 ሚሊሜትር በታች ይሁን። አመዱን በደረቁ ቀላቅለው ፈሳሹን በመጨረሻ ይርጩ።

ነጭ ዱቄትና ስንጥቅ

ዱቄቱ ነፃው ሶዲየም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ የሠራው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። መጥረግ አያስወግደውም፤ ሶዳውን ይቀንሱ። ስንጥቁ የሚመጣው ገጹ ቶሎ ሲደርቅ ነው፤ ተጠቅጥቆ እንዳለቀ ወዲያው በፕላስቲክ ይሸፍኑት፣ ቢያንስ ለ7 ቀን አያንሱት።

ፈሳሹ ይፈላል፣ ዕቃው አረፋ ይደፍቃል

ሶዳው ሲሟሟ ብርቱ ሙቀት ያወጣል። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ ውሃ በሶዳ ላይ ፈጽሞ አይፍሰስ። አሉሚኒየም ዕቃ አይጠቀሙ፤ ከሶዳው ጋር ተዋህዶ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ያመነጫል። ፕላስቲክ በርሜል፣ የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ የግድ ናቸው። ፈሳሹ እስኪቀዘቅዝ ከዋዜማው ተዘጋጅቶ ይደር።