ባይኖኩላር ስትገዙ የሚያስቆጩ ስህተቶች፦ ለጅማ ወፍ ተመልካቾች

ጅማ ለሚኖር ሰው ወፍ ማየት ሩቅ መንገድ አይጠይቅም። ቦዬ ረግረግ አለ። የጅሬን ተዳፋት አለ። በቦንጋ መንገድ ወጣ ካላችሁ የበለጠ ደን አለ። ጋጋኖማ ግቢያችን ድረስ መጥታ ትጮሃለች። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ መሣሪያው ነው። ተማሪዎችና አስጎብኚ መሆን የሚያስቡ ልጆች ስለ ባይኖኩላር፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ ስለሚያሳየው ባለ ሁለት ቱቦ መነጽር፣ ሲጠይቁኝ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቹ የሚጠይቁት ከፍለው ከጨረሱ በኋላ መሆኑ ነው። ዕቃው ርካሽ አይደለም፤ ተሳስቶ የገዛ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ጥሎት ወፍ ማየቱንም ይተወዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ እንነጋገር።

ትልቅ ቁጥር ማሳደድ

ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር ያወጣለታል። ከሁሉም ስህተት የከፋው ይኸኛው ነው።

ባይኖኩላር ላይ 8×42 ተብሎ ሲጻፍ 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል። 80 ሜትር ላይ ያለችው ወፍ 10 ሜትር ላይ እንዳለች ሆና ትታያችኋለች ማለት ነው። 42ቱ ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው።

ታዲያ ለምን 20 እጥፍ አይሻልም? ምክንያቱም ባይኖኩላሩ ወፏን ብቻ አያጎላም፤ የእጃችሁን መንቀጥቀጥም እኩል ያጎላል። 8 እጥፉን ጀማሪም ቢሆን ጸጥ አድርጎ ይይዘዋል። 10 እጥፍ ላይ ክንድን ጎን ላይ ማስደገፍ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ያለው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ካልተቀመጠለት ምስሉ ይዘላል። የጋጋኖን ጉሮሮ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ከሥሩ ትንሽ ቆዳ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ያቺን ቆዳ 8 እጥፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታዩዋታላችሁ። 20 እጥፍን በባዶ እጅ ይዛችሁ ግን ጥቁር ነገር ሲርገበገብ ከማየት አታልፉም።

ሌላም ጣጣ አለው። ማቅረቡ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ቦታ ይጠባል። ደህና 8×42 በ1000 ሜትር ርቀት ላይ ከ120 እስከ 140 ሜትር ስፋት ያሳያል። 20 እጥፉ የዚህን ግማሽም ላያሳይ ይችላል። በለጠ ደን ውስጥ ሶሪት የምትባለው ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትሮጥ፣ ክንፏን ስትዘረጋም ያ ደማቅ ቀይ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ፣ የምታገኙት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ጠባቡን መሣሪያ ይዞ የሄደ ሰው ወፏን ሲፈልግ ቅጠል ሲያይ ይውላል።

«ከ10 እስከ 180 እጥፍ» ተብሎ የተጻፈበት ካጋጠማችሁ ሳትከራከሩ ወደ መደርደሪያው መልሱት። ያ ቁጥር ለመሸጫ የተጻፈ ነው። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱና የፊተኛውን መስታወት ለኩት። 50 ሚሊሜትር ተብሎ ተጽፎበት 30 ቢሆን፣ ሌላው የተጻፈውም እንደዚያው ነው ብላችሁ ውጡ።

ብርሃንን መርሳት

ወፍ የሚታየው ማለዳ ነው። ማለዳ ደግሞ ቦዬ ላይ ጭጋግ አለ። የቡና ጥላ ዛፍ ሥርም ረፋድ ላይ እንኳ ጨለም ይላል። ሱቅ ውስጥ ደማቅ አምፖል ሥር ጥሩ የመሰለ ዕቃ እዚያ ላይ ይታወቃል።

ቀላል ሒሳብ አለ። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍሉ። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይህ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባው 10×25 ግን 2.5 ብቻ ይሰጣል። የሚገርመው ያ ግዙፉ 20×50ም 2.5 ነው። በቀትር ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ስለሚጠብ ልዩነቱ አይሰማችሁም። ማለዳ ብሌኑ ሲሰፋ ነው ምስሉ ደብዝዞ የሚያስቆጫችሁ።

ክቡን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ባይኖኩላሩን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ከፊታችሁ በክንድ ርቀት ያዙትና በዓይን በኩል ያለውን መስታወት ተመልከቱ። ትንሽ የብርሃን ነጥብ ይታያል። ሙሉ ክብ ሆኖ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ውስጡ ያለው ፕሪዝም፣ ማለትም ብርሃኑን አጥፎ የሚያሳልፈው መስታወት፣ ደህና ነው፤ ብዙ ጊዜ ባክ-4 የሚባለው የመስታወት ዓይነት። ጠርዙ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ወደመሆን ካዘነበለና ዳሩ ግራጫ ጥላ ካለው ርካሹ መስታወት ነው።

ከዚያ ፊቱን አዘንብሉና የመስታወቱን ቀለም እዩ። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነጸብራቅ ጥሩ ምልክት ነው። «ፉሊ መልቲ ኮትድ» የሚል ጽሑፍ ካለው ሁሉም መስታወት በብዙ ሽፋን ተቀብቷል ማለት ነው። እንደ ብርጭቆ ጌጥ ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን ግን እለምናችኋለሁ፣ አትግዙ። ያ ሽፋን ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ወደ ዓይናችሁ የሚደርሰው ምስል ከቀይ ይጎድልና ሰማያዊ ያደላል። በጅማ ረግረጎች የምትታየው ጥቁሯ ባለዘውድ ክሬን ራሷ ላይ ወርቃማ ዘውድ አላት፤ ጉንጯ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ነው። በዓለም ደረጃ ለጥፋት ከተጋለጡት ወፎች አንዷ ናት። እሷን ለማየት ጭቃ ረግጦ ሄዶ ቀዩን ጉንጭ ሳያዩ መመለስ ያንገበግባል።

«ሌሊትም ያሳያል» የሚለውን ደግሞ ተዉት። ተራ መስታወት ያለውን ብርሃን ይሰበስባል እንጂ ከጨለማ ብርሃን አይፈጥርም።

ውስጡ መስመር ያለበትን መምረጥ

ወጣቶችን በጣም የሚማርከው ይህ ነው። ወታደራዊ መልክ ያለው 7×50፣ ውስጡ ቁጥርና ጭረት የተሠራበት። ጭረቶቹ ሚል የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ ያመለክታሉ፤ ጠመንጃ ላይ በሚገጠም ማነጣጠሪያ መነጽር ውስጥ በነጠብጣብ የሚሠራው መለኪያ ነው። አንድ ሚል በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 1 ሜትር ይሸፍናል። ቁመቱን የምታውቁት ነገር ካለ ርቀቱን ማስላት ይቻላል፦ ቁመቱን በሜትር ወስዳችሁ በ1000 ታባዙና በሚሉ ታካፍላላችሁ። 1 ሜትር ያህል የምትቆመው ክሬን 5 ሚል ከሸፈነች 200 ሜትር ላይ ናት።

ሒሳቡ ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ለወፍ የሚያስፈልግ አይደለም። ጭረቱ ትንሿን ወፍ መሃል ለመሃል ይከልላታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች የጋራ ማስተካከያ ጎማ የላቸውም፤ ሁለቱም ዓይን ለየብቻ ይስተካከላል። ለመርከበኛ ይመቻል፤ እሱ ሁልጊዜ ሩቅ ነው የሚያየው። ወፍ ግን አሁን 10 ሜትር፣ ቀጥላ 60 ሜትር ላይ ናት። መሃል ላይ ባለው አንድ ጎማ በጣት የሚስተካከለውን ያዙ። መልኩም ቢሆን ጥያቄ ያስከትላል፤ እሱን ወደ ኋላ እናነሳዋለን።

የጅማን እርጥበት አለመቁጠር

እዚህ ዝናብ አይጠፋም። ክረምት ላይ ልብስ እንኳ ቶሎ አይደርቅም። ባይኖኩላር ውስጥ እርጥበት ከገባ ሻጋታ መስታወቱ ላይ ይበቅላል፤ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ነው። አንዴ ሽፋኑን ከበላው በጨርቅ የሚጠረግ ነገር አይደለም።

ያገለገለ ስትገዙ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና በአንዱ ጫፍ በኩል አስገብታችሁ በሌላው ተመልከቱ። ድር፣ ጭጋግ ወይም የውኃ ጠብታ ምልክት ካያችሁ በነጻ ቢሰጧችሁም አትያዙት። አዲስ ከሆነ ውኃ የማያስገባና ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ መሆኑን ጠይቁ። ናይትሮጅኑ ደረቅ ስለሆነ ከብርድ ወደ ሙቀት ስትገቡ ውስጡ አይጨግግም።

አቀማመጡም ያው ነው። አብሮ የሚመጣው የቆዳ ቦርሳ እርጥበት ያቅፋል፤ ቁምሳጥን ውስጥ በሱ ከታችሁ አትተዉት። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስባችሁ አብራችሁ ክተቱ።

ሳይሞክሩ መግዛት

በስልክ ፎቶ ዓይቶ ብር መላክ አሁን ተለምዷል። ባይኖኩላር ግን በእጅ ይዞ፣ ከሱቁ ደጅ ወጥቶ መታየት አለበት። ሂርማታ ገበያ ከሆናችሁ ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ምረጡ። በሁለት ዓይን ስታዩ ምሰሶው አንድ መሆን አለበት። ሁለት ከሆነ፣ ወይም አንድ ቢሆንም ዓይናችሁ ሲጎተት ከተሰማችሁ፣ ሁለቱ ቱቦዎች አልተገጣጠሙም። ይህን ይዞ ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ራሱን እያመመው ይመለሳል።

ከዚህ በፊት ግን ለራሳችሁ ማስተካከላችሁን እርግጠኛ ሁኑ። ቀኝ በኩል ያለውን ሸፍኑና በግራ ዓይን ብቻ እያያችሁ በመሃሉ ጎማ ምስሉን አጥሩ። ቀጥሎ ግራውን ሸፍኑና በቀኝ ዓይን መያዣ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ብዙ ሰው ይህን ቀለበት ሳያውቀው «ዕቃው ብልሹ ነው» ብሎ ይሸጣል። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መነጽራችሁን ሳታወልቁ ሞክሩ፤ በዓይን በኩል ያለውን የላስቲክ ጠርዝ ወደ ታች አውርዳችሁ ሙሉው ክብ ካልታያችሁ ሌላ ፈልጉ።

ብር ካጠረስ? ቀጥ ያለ ቱቦ ካለው ዘመናዊ መልክ ይልቅ ፊቱ ሰፋ ብሎ ትከሻ ያለውን የድሮውን ቅርጽ እዩ። በተመሳሳይ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ለመሥራት ስለሚቀል ነው። ዝናብን መቋቋም ላይ ግን ይደክማል። እንደኔ ሁለት ጓደኛሞች ተጋርተው ደህና 8×42 ቢይዙ እያንዳንዳቸው አሻንጉሊት ከሚገዙ ይሻላል።

ሰውንና ሕግን አለማሰብ

ከውጭ በዘመድ ልታስመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ፤ ባይኖኩላር አየር ማረፊያ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ከገዛችሁ በኋላም ወደ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ፣ ወደ ካምፕ ወይም ወደ ሰው ቤት አታዙሩት። ረግረግ ዳር ስትቆሙ ያ ቦታ የሆነ ሰው ከብት የሚያሰማራበት ነው። «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ምን እንደምታዩ ንገሯቸው፣ ክሬኗን እነሱም ይዩአት። የት እንደምታድርም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለልጆቹ ስትሰጡ ግን ማሰሪያውን መጀመሪያ አንገታቸው ላይ አጥልቁላቸው።