ከባሕር ጠለል በታች ለመውረድ ያሰበ ጎንደሬ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ቡና ይዘን እንደተቀመጥን ጓደኛዬ ስልኩን አዞረልኝ። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ከስር የምትዋኝ ኤሊ። «ዘንድሮ ስኩባ ዳይቪንግ ልማር ነው። እዚህ ጋ» አለኝ። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅን ማለቱ ነው። የት ነው ስለው ስሙን አያውቀውም። የመረጠው ፎቶውን ነው።

አልሳቅኩበትም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያው ነበር የመረጥኩት። እሱ መምህር ነው፤ ብሩን ቆጥቦ ቆጥቦ አንድ ጊዜ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እኔ የተሳሳትኩትን፣ ሌሎች ሲሳሳቱም ያየሁትን ቡናው እስኪቀዘቅዝ ነገርኩት። ለእናንተም ይኸው።

«ጣና እያለልን ምን አስኬደን?»

ይሄ ቶሎ ያልቃል። ጎርጎራ ቅርብ ነው፣ ጣናም ሰፊ ነው። ግን ስኩባ መማሪያ አይደለም። ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ወይም 15 ሜትር ነው። ውሃው ደለል ስለሚበዛበት ከታች ሆናችሁ የዘረጋችሁትን እጅ ላታዩት ትችላላችሁ። ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ። በዚያ ላይ ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የመጥለቁ ስሌት ይቀየራል፤ የጀማሪ ነገር አይደለም። ጣና የታንኳ ነው።

«ዋና? ፋሲል መዋኛ ነው ያደግኩት!»

ጥር 11 ጠዋት ውሃው ተባርኮ እንዳበቃ ዘሎ መግባት አንድ ነገር ነው። መዋኘት ሌላ ነው። የኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ዘሎ ገብቶ፣ ተንፈራግጦ፣ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ የሚወሰደው «ኦፕን ወተር» የሚባለው ኮርስ ግን 200 ሜትር ሳታቋርጡ እንድትዋኙና ምንም ሳትይዙ 10 ደቂቃ እንድትንሳፈፉ ይጠይቃል። ፍጥነት አይጠይቅም። እንደ ኤሊ ብትሄዱም ማንም አይቆጣም።

ስህተቱ ይህን እዚያ ደርሶ ለመማር ማሰብ ነው። በዶላር እየከፈሉ መንሳፈፍ ከመማር፣ ከመሄድ በፊት ሁለት ወር እዚሁ ፑል ያለው ሆቴል መመላለስ ይሻላል።

«በጋ ነው፣ ይሞቃል»

ይሄኛው የራሴ ስህተት ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ጥምቀትን ጎንደር አክብሬ ጥር መጨረሻ ላይ ሁርጋዳ ሄድኩ። ግብፅ፣ ቀይ ባሕር፣ በረሃ። ሻንጣዬ ውስጥ ቁምጣና ካናቴራ ብቻ። የእኛ በጋ የእነሱ የብርድ ወቅት መሆኑን አላሰብኩትም። በዚያ ወቅት ባሕሩ 22 ዲግሪ ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ጥሩ ይመስላል፤ ጎንደር ላይ 22 ዲግሪ ሹራብ የማያስይዝ ደስ የሚል ቀን ነው። ውሃ ግን እንደ አየር አይደለም። የሰውነትን ሙቀት ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ይመጥጣል። ጀማሪ ደግሞ እየዋኘ አይሞቅም። አሸዋ ላይ ተንበርክኮ ተራውን ይጠብቃል።

አራት ነበርን። ተራዬ እስኪደርስ ጥርሴ አፌ ላይ ያለውን መተንፈሻ እየቀጠቀጠው ነበር። ጣቴ ደንዝዞ፣ ለመንሳፈፍ የሚለበሰውን ጃኬት የሚነፋውን ቁልፍ ልጫነው አልጫነው አላውቅም። ወጥቼ ጀልባው ላይ ስቀመጥ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ጨረሰኝ። ቀይ ባሕር ላይ ሆኜ፣ እውነቴን ነው፣ ጋቢ አማረኝ። የተከራየሁት የመጥለቂያ ልብስም ስስ ነበር። ወፍራም አለ ወይ ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

ያው ባሕር ሐምሌና ነሐሴ ላይ 28 ዲግሪ ይደርሳል። ባሕሩ አልተቀየረም፤ ወሩ ነው የተቀየረው።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አንድ ቀላል ነገር እላለሁ። በጋ ከሆነ ወደ ደቡብ፣ ክረምት ከሆነ ወደ ሰሜን። ከኅዳር እስከ የካቲት ዛንዚባርና የኬንያ ዳርቻ፣ ማለትም ዲያኒና ዋታሙ፣ «ካስካዚ» የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ወቅት ላይ ናቸው። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ባሕሩም ይረጋል። ክረምት ላይ ግን «ኩሲ» የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነሳል፣ በተለይ የኬንያ ባሕር ይናወጣል። ጅቡቲም የበጋ ቦታ ናት። ሐምሌ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲሊንደር ተሸክሞ መሄድ ቅጣት ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ብዙ ሰው ጾሙን ጨርሶ፣ ፋሲካን ፈስኮ ነው ዛንዚባር የሚያምረው። የኛ ፋሲካ ሲመጣ የእነሱ «ማሲካ» ይመጣል። ማሲካ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚወርደው ዋናው ዝናባቸው ነው። ፋሲካና ማሲካ ቤት ይመታሉ እንጂ አብረው አይሄዱም።

ስለ ጾም ካነሳን፣ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ኮርሱን ፍልሰታ ላይ አትጣሉት። በባዶ ሆድ ጀልባ ላይ መወዛወዝን ማንም አይወደውም። ውሃ ሳይጠጡ መጥለቅ ደግሞ አደጋም አለው። እንደ ጓደኛዬ ያለ መምህር ነሐሴ ሳይገባ ሐምሌን ቢጠቀምበት ይሻለዋል።

«ዝነኛው ቦታ ይሻላል»

ዝነኛ የሆነው ለማን ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። ግብፅ ውስጥ ዳሃብ የሚገኘው «ብሉ ሆል» ስሙ ዓለምን ያዳረሰ ሰማያዊ ጉድጓድ ነው። ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ያለውን ቅስት ለማለፍ ሲሞክሩ ብዙ ጠላቂዎች ሞተውበታል። የጀማሪ ሰርተፍኬት የሚፈቅደው እስከ 18 ሜትር ነው። እዚያው ግብፅ ያለው ራስ መሐመድም ውብ ነው፤ ግን እንደ ገደል ቁልቁል የሚወርድ ግድግዳ ነው። ገና ራሱን ማመጣጠን ላልቻለ ሰው ከስር ወለል አለመኖሩ ያስፈራል።

ጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ትልቅ ነገር ነው። የሚመጣው ግን ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ፍጥረታት ሊበላ ነው። እነሱ ሲበዙ ደግሞ ውሃው ይደፈርሳል። ዌል ሻርኩን የሚስበው ነገር ለተማሪ እንቅፋት ነው። በዚያ ላይ እሱን ለማየት መጥለቅ አያስፈልግም፤ ማስክ፣ ማለትም ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍነውን የመጥለቂያ መነጽር፣ አድርጎ ከላይ መንሳፈፍ ይበቃል።

ጀማሪ የሚፈልገው በእግር እየተራመዱ የሚገቡበት፣ አሸዋማ፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ከ3 እስከ 6 ሜትር የሆነ ጥግ ነው። ፎቶ ላይ የሚያሰለች ቦታ። ለምን እንደሆነ አንዷን ልምምድ ብቻ ላሳያችሁ። አሰልጣኙ ማስካችሁን በውሃ እንድትሞሉ ያደርጋል። ውሃው አፍንጫችሁ ውስጥ ነው፣ ዓይናችሁ ይቆጠቁጣል፣ መላ ሰውነታችሁ «ውጣ!» ይላል። እናንተ ግን በአፋችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ትስባላችሁ። የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ ግንባራችሁ ላይ ትጫኑታላችሁ፣ ቀና ብላችሁ በአፍንጫችሁ እፍ ትላላችሁ። ውሃው ከታች ይወጣል። ጉልበታችሁ አሸዋ ላይ ከሆነ በሁለተኛው ሙከራ ይሳካል። ሞገድ እያንገላታችሁ ከሆነ ቀኑ በዚያችው ያልቃል።

«3 ቀን ይበቃኛል»

በማስታወቂያው 3 ወይም 4 ቀን ይላል፤ ባሕር ላይ የሚደረጉት ዳይቮች፣ ማለትም መጥለቆች፣ ቢያንስ 4 ናቸው። ጉንፋን ግን ማስታወቂያው ውስጥ የለም። አፍንጫ ከተደፈነ ጆሮ ግፊቱን ማመጣጠን አይችልም፣ ጆሮ እምቢ ካለ ደግሞ መውረድ የለም። ከጎንደር አቧራ ተነስቶ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ የአውሮፕላን ብርድ ጠጥቶ የሚደርስ ሰው ሳያስነጥስ አይቀርም። አንድ ሁለት ቀን ትርፍ ያዙ። ንድፈ ሐሳቡን ቤታችሁ ሆናችሁ በኦንላይን ጨርሱት፤ ሳምንት ኢንተርኔት ላይ መቀመጥ ባሕሩ ዳርቻ ላይ አንድ ቀን ያተርፋል።

«ርካሹን አገኘሁ»

ዋጋው ውስጥ መጽሐፉ፣ የሰርተፍኬቱ ክፍያ፣ የዕቃ ኪራዩና ጀልባው እንዳሉ ጠይቁ። እኔ ያገኘሁት «ርካሽ» እነዚህ ሁሉ ሲደመሩበት ከጎረቤቱ በለጠ። ሌላም ጠይቁ፦ ለአንድ አሰልጣኝ ስንት ተማሪ? ደንቡ እስከ 8 ይፈቅዳል። 8 ለእኔ ብዙ ነው። 4 ከሆነ ጥሩ፣ 2 ከሆነ ምርቃት ነው።

ቋንቋውንም አጣሩ። አማርኛ አትጠብቁ። ጅቡቲ ላይ ፈረንሳይኛ ሊገጥማችሁ ይችላል። ደግነቱ ከውሃ በታች ሁሉም በእጅ ነው የሚያወራው፤ እሱም ቢሆን ጣጣ አለው። አሰልጣኙ ደህና ነህ ሲለኝ እንደ አገሬ ልጅ አውራ ጣቴን ቀጥ አድርጌ «አንደኛ!» አልኩት። እጄን ይዞ ወደ ላይ አወጣኝ። ለካ አውራ ጣት እዚያ «እንውጣ» ማለት ነው። ደህና ነኝ የሚባለው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ቀለበት ሠርቶ ነው። ሁለት ጊዜ አወጣኝ፣ በሦስተኛው ገባኝ።

«ወረቀቱ ይደርሳል»

ግብፅ ቪዛ ቀድማ ትፈልጋለች፤ ጊዜ ስጡት። ኬንያ ለእኛ ለረጅም ዘመን ያለ ቪዛ የኖረች ጎረቤት ናት፣ ቢሆንም ከመነሳታችሁ በፊት የወቅቱን ደንብ እዩ። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎብኚ የራሷን ኢንሹራንስ አስገድዳለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አትርሱ፤ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ የጤና ቅጹን ቀድማችሁ አስልኩና እዚሁ ሙሉት። አስም፣ የጆሮ ወይም የልብ ችግር ካለ የሐኪም ፊርማ ይጠይቃል። ይህን ባሕር ዳርቻ ላይ ቁምጣ ለብሶ መስማት ያናድዳል።

«ጨርሼ በማግስቱ እመለሳለሁ»

ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኛን ግን ከማንም በላይ የሚመለከት ይሄ ነው።

ከታች ስትተነፍሱ ግፊቱ ናይትሮጅን ወደ ሰውነታችሁ ያስገባል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለል እጥፍ ነው። ከወጣችሁ በኋላ ያ ናይትሮጅን ቀስ እያለ ይወጣል። ሳይወጣ ወደ ከፍታ ከሄዳችሁ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን እንደመክፈት ነው፤ ይንተከተካል። መገጣጠሚያ ያማል፣ ይደነዝዛል፣ ከባሰም ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበርሩ ይቆዩ የሚባለው። ብዙ አሰልጣኞች 24 ይላሉ፤ እኔም 24 እላለሁ።

የባሕር ዳርቻ ሰው ይህን የበረራ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ነው፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሰውየው ወደ ባሕር ጠለል ይመለሳል። እኛስ? ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ናት። ጎንደርም ከ2,100 አያንስም። አውሮፕላኑ አረፈ እንጂ እኛ አልወረድንም። ሌላው ሰው አውሮፕላን ውስጥ ብቻ የሚያገኘውን ስስ አየር እኛ ሶፋችን ላይ ሆነን ነው የምንተነፍሰው። ከጅቡቲ በባቡር ብመለስስ ያለኝ ሰው አለ። ባቡሩም ጅቡቲ ካለው ናጋድ ጣቢያ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ይወጣል፤ በሐዲድ መሄዱ ከፍታውን አይቀንሰውም።

እኔ ከጠለቅኩ በ30 ሰዓቴ ደባርቅ ሠርግ ነበረብኝ። እዚያ ከፍታው ያንን የአውሮፕላን 2,400 ሜትርም ያልፋል። ሄድኩ። ምንም አልሆንኩም፤ ግን ሰው ሲጨፍር እኔ ጥግ ይዤ ትከሻዬን ስዳብስ አመሸሁ። ያመመኝ ሁሉ ናይትሮጅን ይመስለኝ ነበር። ከባሕር መልስ ሰሜን ተራሮች ሽርሽር ያቀዳችሁ ጥቂት ቀን ስጡት።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሄደ። ፎቶውን ትቶ ሐምሌ ላይ ሁርጋዳን መረጠ። ትናንት ማታ ቲኬቱን ላከልኝ። የመጨረሻው ዳይቭ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ወደ ካይሮ የሚበርረው እሑድ ንጋት 11 ሰዓት። «12 ሰዓት አልፏል እኮ፣ 14 ነው» አለኝ። እሱ ለአንድ ዳይቭ ነው፣ አንተ ቀናቱን ሙሉ ስትጠልቅ ነው የምትከርመው አልኩት። ዛሬ ጠዋት ወደ ሰኞ አዛውሮታል፤ ቅጣት ከፍሎ፣ እኔን እየረገመ።