የከተማውን ኮሌጅ ቡድን የሚነካ ዜና እጃችሁ ሲገባ፦ ለአነስተኛ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል

በአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች የኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ወይም ቅርጫት ኳስ ቡድን የከተማው ሁሉ ንብረት ነው። አንባቢያችሁ ቅዳሜ ስታዲየም ይገባል፤ ማስታወቂያ የሚሰጣችሁ መኪና ሻጭ የቡድኑ ስፖንሰር ነው። ግፊቱም ከዜናው ቀድሞ ይጀምራል፤ ዘጋቢው ለመግቢያ ባጅና ለአሰልጣኙ ቃለ መጠይቅ የአትሌቲክስ ክፍሉን ደጅ መጥናት ከጀመረበት ቀን።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን ለዩ። ጨዋታ የሚዘግበው ሌላ፣ ሰነድ የሚያገላብጠው ሌላ ይሁን። የሰው እጥረት ካለባችሁ የፍርድ ቤት ወይም የማዘጋጃ ቤት ዘጋቢውን መድቡ፤ ከአትሌቲክስ ክፍሉ የሚፈልገው ነገር ስለሌለ የሚነጠቀውም የለውም።

ባጁ የሚሰጥበትን ደንብ እስከ መጨረሻው አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ2007 የሉዊቪሉ ኩሪየር ጆርናል ጋዜጣ ዘጋቢ ከኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር) የቤዝቦል ጨዋታ እንዲወጣ የተደረገው የጨዋታውን ሂደት እዚያው ተቀምጦ ኢንተርኔት ላይ ይጽፍ ስለነበር ነው። ባጅ ቢከለከል ትኬት የሚገዛበት ገንዘብ አስቀድሞ ይያዝ። የሚያመልጣችሁ ከጨዋታ በኋላ ያለው ጋዜጣዊ መግለጫ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

ዋናው ሥራ ሰነድ ላይ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ከሆነ በግዛቱ የሕዝብ መዛግብት ሕግ መሠረት ጥያቄያችሁን በኢሜይል ላኩ። «ስለ ቡድኑ ወጪ ያላችሁን ሁሉ» ብላችሁ ብትጠይቁ ለወራት ያጉላሏችኋል፣ ወይም የማይቀመስ የፍለጋ ክፍያ ይጠይቋችኋል። እንዲህ ጻፉ፦ «የዋናው አሰልጣኝ ውል ከነማሻሻያዎቹ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2023 እስከ ጁን 30 ቀን 2024 ላለው የበጀት ዓመት ለኤንሲኤኤ የቀረበው የፋይናንስ ሪፖርት፤ በኤሌክትሮኒክ ቅጂ።» ለእያንዳንዱ ሰነድ ለየብቻ ጥያቄ አስገቡ፤ አንዱ ሲታገድ ሌላው አይያዝም።

በብዛት የምትሰሙት እምቢታ ፌርፓ ነው፤ የ1974ቱ የተማሪዎች መረጃ ጥበቃ ሕግ። ሕጉ የሚጠብቀው ስለ ተማሪው በቀጥታ የሚናገረውን የትምህርት መዝገብ ነው። የአሰልጣኝ ውልም ሆነ በጀት በሱ ስር አይወድቅም። የግቢው ፖሊስ ለሕግ ማስከበር የያዘው መዝገብም እንዲሁ፤ ስለዚህ የፖሊሱን ሪፖርት ከአትሌቲክስ ክፍሉ ሳይሆን ከራሱ ከፖሊሱ ጠይቁ። የተማሪ ስም ያለበት ገጽ ከሆነ ስሙን ሸፍነው እንዲሰጧችሁ፣ ከከለከሉም የትኛውን የሕግ አንቀጽ እንደጠቀሱ በጽሑፍ እንዲገልጹ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው የግል ከሆነ ይህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ለፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት የሚያስገባውን ፎርም 990 ተመልከቱ። ከፍተኛ ተከፋዮቹ እዚያ ይዘረዘራሉ፤ አሰልጣኙም ብዙ ጊዜ ከነሱ አንዱ ነው።

ዛሬ የነገራችሁ የቀድሞ ተጫዋች ከተማው ሲቆጣ «አላልኩም» ሊል ይችላል። ድምፁን ቅዱ። ግን እንደ ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳና ፔንስልቬንያ ባሉ ግዛቶች የስልክ ንግግር ለመቅዳት የተነጋጋሪው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ራሱ ቅጂው ላይ ይግባ።

ከመታተሙ በፊት ለአሰልጣኙ፣ ለአትሌቲክስ ኃላፊውና ለፕሬዚዳንቱ እያንዳንዱን ክስ ለየብቻ ቁጥር ሰጥታችሁ በጽሑፍ ላኩ። ሁለት የሥራ ቀን ይበቃል። የዜናውን ረቂቅ ጠበቃ ሳያየው ግን ጥያቄውን አትላኩ፤ ጥያቄው ከደረሳቸው በኋላ እናንተ ከዘገያችሁ የራሳቸውን መግለጫ አውጥተው ይቀድሟችኋል።

ቀኑስ? እ.ኤ.አ. በማርች 1999 የሴንት ፖል ፓዮኒር ፕሬስ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን የትምህርት ሥራ ሌላ ሰው ይሠራላቸው እንደነበር ያወጣው ቡድኑ የኤንሲኤኤ ውድድሩን ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። አራት ተጫዋቾች ታገዱ፣ ቡድኑ በጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ተሸነፈ፣ አገረ ገዥው ጄሲ ቬንቹራ ሳይቀሩ ጋዜጣውን አወገዙ። ዘገባው በ2000 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በእኛ እምነት ተጣርቶ ያለቀ ዜና ለውድድር ተብሎ አይታሰርም። «ለምን ዛሬ?» ለሚለው ግን አዘጋጁ አጭር መልስ ጽፎ ከዜናው ጎን ያትም።

ለአሳታሚውና ለማስታወቂያ ክፍሉ ከአንድ ቀን በፊት ይነገራቸው፤ ረቂቁን ግን አያዩም።

በወጣበት ቀን ስልኩን ለዘጋቢው አትተዉ። አንድ ከፍተኛ አዘጋጅ ይቀበል፣ አይከራከር፣ ሰዓቱንና የተባለውን ይመዝግብ። የሌክሲንግተን ሄራልድ ሊደር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የተከለከለ ክፍያ ሲያትም ደንበኞች ጋዜጣውን ሰረዙ፣ የቦምብ ዛቻም ደረሰው። ዛቻ ሲመጣ የድምፅ መልእክቱን ሳታጠፉ ለፖሊስ ስጡ፤ የዘጋቢውን ስልክና አድራሻም ቀደም ብላችሁ ከድረ ገጻችሁ አንሱ። ስህተት ከተገኘ ማረሚያው በዕለቱ ይውጣ፤ አንድ የተሳሳተ ቀን ዜናውን በሙሉ ማጣጣያ ይሆናል።

በማግስቱ የጨዋታ ዘጋቢያችሁ እንደ ወትሮው ጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ይገኝ፤ ስለ ጨዋታው ይጠይቅ። አሰልጣኙ መልስ ከነፈጉት «አሰልጣኙ ለዚህ ጋዜጣ ጥያቄ መልስ አልሰጡም» የምትል አንዲት መስመር አስገብቶ ወደ ውጤቱ ይለፍ።