በስልኬ ጥርት ያለው ምስል እዚያ ሲደርስ ለምን ይደበዝዛል?

ከማይክሮስኮፕ ላይ በስልክ አንስቼ ሩቅ ላሉ ፓቶሎጂስት (ናሙና መርምረው በሽታ ለሚለዩ ሐኪም) የምልከው ምስል «ኒውክለሱ (የሕዋሱ እምብርት) አይለይም» እየተባለ ይመለስብኝ ነበር። እኔ ስልክ ላይ ግን ጥርት ያለ ነው! 40 ጊዜ የሚያጎላውን ሌንስ ወለወልኩ። ብርሃን ወደ ናሙናው የሚሰበስበውን ኮንደንሰር አስተካከልኩ። የስልክ ማያዣውንም ቀየርኩ። ወይ ፍንክች። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ።

በኋላ የፋይሉን መጠን ጠየቅኳቸው። ከእኔ 4 ሜጋባይት ሆኖ የወጣው እሳቸው ጋ 180 ኪሎባይት ሆኖ ደርሷል። ለካ መልእክት መላኪያው በ«ፎቶ» የተላከን ምስል ይጨምቀዋል፤ የክሮማቲኑ (በኒውክለሱ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ የያዘ ቁስ) ዝርዝር የሚጠፋው እዚያ ነው። ያንኑ ምስል በ«ፋይል» ላክኩት። ወዲያው ተነበበ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ያልተጨመቀ ፋይል የተነሳበትን ቦታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከማንሳታችሁ በፊት የካሜራውን ሎኬሽን አጥፉ፤ የታካሚ ስምም በፋይሉ ስም ላይ አትጻፉ።