ስፒች ቴራፒስት ስትፈልጉ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

«ወንድ ልጅ ነው፣ ይዘገያል። አባቱም እንደዚሁ ነበር።» ይህን ያልተባለ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ትልቁ ስህተትም እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ልጆች ዘግይተው በራሳቸው ይናገራሉ፤ እውነት ነው። የትኛው ልጅ እንደሚናገር ግን ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም። 2 ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪ»፣ «አባ መጣ» ብሎ ሁለት ቃል ካልገጣጠመ ስፒች ቴራፒስት፣ ማለትም የንግግር ችግር የሚያክም ባለሙያ፣ ይየው። የነበሩት ቃላት ከጠፉበት ደግሞ ዛሬውኑ። ጎን ለጎን ጆሮውን አስመርምሩ። በደንብ የማይሰማ ልጅ በደንብ አይናገርም።

«ምላሱ ታስሮ ነው» ብላችሁም አትዘናጉ። የምላስ መታሰር ጡት መጥባትን ሊያስቸግር ይችላል። ልጅ ጭራሽ ቃል እንዳያወጣ ግን አያደርግም።

ሌላው ስህተት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፊኬት አይቶ ማመን ነው። የአጭር ሥልጠና ምስክር ወረቀትና የሙያ ፈቃድ ይለያያሉ። ስሙን ይዛችሁ ፈቃድ ሰጪው አካል መዝገብ ላይ ፈልጉ። ፈቃዱ አሁን ይሠራል? መቼ ያበቃል? የተወሰደበት የዲሲፕሊን እርምጃ አለ? በብሪታንያ ይህ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። በአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ስለሆነ የምትኖሩበትን ስቴት መዝገብ እዩ። በቪዲዮ የሚያክም ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱ እናንተ ባላችሁበት ስቴት የሚሠራ መሆን አለበት። ልጁን የሚይዘው ረዳት ከሆነ ደግሞ ማን እንደሚቆጣጠረው ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ፈቃድ አለው ማለት ሁሉን ያክማል ማለት አይደለም። ሙያው ሰፊ ነው። መንተባተብ፣ ከስትሮክ በኋላ ቋንቋ መጥፋት፣ የድምፅ መጎርነን፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር ሁሉም እዚሁ ውስጥ ናቸው። «እንደኛ ዓይነት ችግር ያለባቸውን ትይዛለህ ወይ?» በሉት። «በሦስት ወር አናግረዋለሁ» የሚላችሁን ግን ተዉት። ጥሩ ባለሙያ ግብ ያስቀምጣል እንጂ ቃል አይገባም።

አሁን የሚያንገበግበኝ ላይ ልምጣ። የእህቴ ልጅ በውጭ አገር ያደገች ናት። አንድ ክሊኒክ ውስጥ «አማርኛውን ተዉት፣ እያደናገራት ነው» ተባሉ። እህቴ ሰማቻቸው። ከዓመት በኋላ አያቷ በስልክ «የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ?» ስትላት ልጅቷ ስልኩን መልሳ ለእናቷ ሰጠች። የምትመልሰው ቃል አልነበራትም። ምክሩ ስህተት ነበር። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም። የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ ችግሩ የሚታየው በሁለቱም ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ከታየ ገና አለመልመድ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ለምዶ የእንግሊዝኛውን «this is» «ዚስ ኢዝ» የሚል ልጅ አልታመመም፤ ያ የምላስ ጫፍ ጥርስ መሀል ገብቶ የሚወጣው ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። ስለዚህ ምርመራው በሁለቱም ቋንቋ እንዲሆን ጠይቁ። ቴራፒስቱ አማርኛ ካልቻለ አስተርጓሚ ይቅረብ። ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ አዝናለት ታስተካክልለታለች።

በመጨረሻ፣ ልጁን አስገብታችሁ ውጭ ስልክ እየነካካችሁ አትጠብቁ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ብቻውን ብዙ አይሠራም። ግቡና እዩ። «ካልሲ»ን «ታልሲ» የሚል ልጅ ከሆነ፣ የምላሱን ጫፍ ዝቅ አድርጎ የኋላውን እንዲያነሳ እንዴት እንደሚያለማምደው ተመልከቱ። መግባት የማይፈቀድ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ቢያንስ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ያሳያችሁ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ካልሲውን ስታለብሱት አንዱን እግር አልብሳችሁ ቆም በሉና «ይሄ ምንድን ነው?» በሉት።